ጭንቅላትም ልምምድ ይፈልጋል፦ ስለ ስፖርት ሳይኮሎጂ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የስፖርት ሳይኮሎጂ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አንድ ነገር ነው። በዕረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ገብቶ እየጮኸ ሞራል የሚሰጥ ሰው። ሙያው ከዚያ በጣም ይሰፋል፤ ደግሞም ብዙ ጩኸት የለበትም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከሯጮች፣ ከወላጆች፣ ጂም ጀምረው ካቋረጡ ሰዎችና መድረክ ላይ ከሚወጡ ባለሙያዎች አፍ የማይጠፉ ናቸው። አንዳንዱን በሰፊው፣ አንዳንዱን በአጭሩ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙያው በትክክል ምን ያጠናል?

ሙሉ ስሙ ረጅም ነው፦ የስፖርት፣ የአካል እንቅስቃሴና የክንውን ሳይኮሎጂ። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሦስት ቤቶች አድርጋችሁ ውሰዱት። የመጀመሪያው ቤት ተወዳዳሪውን ይጠይቃል፦ ልምምድ ላይ የምትችለው ነገር ውድድር ላይ ለምን ይጠፋሃል? ሁለተኛው ቤት ከሜዳሊያ ጋር ጉዳይ የለውም። ተራው ሰው ለምን እንደሚንቀሳቀስ፣ ለምን እንደሚያቆም፣ ሲንቀሳቀስ ስሜቱ ምን እንደሚሆን ያጠናል። ሦስተኛው ደግሞ ጫና ውስጥ ሆነው መሥራት ያለባቸውን ሁሉ ይመለከታል፤ ሙዚቀኛውን፣ ቀዶ ሐኪሙን፣ አብራሪውን፣ ወታደሩን።

ሦስቱን የሚያገናኝ አንድ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። በዚያች ቅጽበት ሐሳብህ የት ነበር? ከዚህ በኋላ የምታነቡት አብዛኛው መልስ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመጣል።

አዲስ ነገር ነው እንዴ?

አይደለም። በ1898 ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ የብስክሌት ውድድር መዝገቦችን ሲያገላብጥ አንድ ነገር አስተዋለ። ብስክሌተኛ ብቻውን ከሰዓት ጋር ሲታገል ይዘገያል፤ አጠገቡ ሌላ ሰው ሲኖር ይፈጥናል። ቀጥሎ ልጆችን ሰብስቦ የዓሣ ማጥመጃ ክር አስጠቀለላቸው። ግማሽ ያህሉ ጎናቸው ተፎካካሪ ሲኖር ፈጠኑ። አንዳንዶቹ ግን ጭራሽ ባሰባቸው።

ለምን? መልሱ እስኪገኝ ከ60 ዓመት በላይ ፈጀ። በ1965 ሮበርት ዛዮንክ ቀላል ማብራሪያ ሰጠ። ሰው ሲያየን ጠንቅቀን የምናውቀው ነገር ይሻሻላል፤ ገና ያልበሰልንበት ይበላሻል። ከዓመታት በኋላ ይህንኑ በበረሮ ሞከረው። በረሮዎቹ ሌሎች በረሮዎች እያዩአቸው ቀጥ ባለ መንገድ ሲሮጡ ፈጠኑ። መታጠፊያ ያለበት መንገድ ሲሰጣቸው ግን ዘገዩ። በረሮም ሰው ፊት፣ ማለቴ በረሮ ፊት፣ ይደናገጣል ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ቢንቀጠቀጥ ብዙ አላፍርም።

የስፖርት ሳይኮሎጂ ቤተ ሙከራ በማቋቋም በአሜሪካ ቀዳሚ የሚባለው ኮልማን ግሪፊዝ ነው፤ በ1925 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ። በ1938 ቺካጎ ከብስ የተባለው የቤዝቦል ቡድን ቀጠረው። የቡድኑ አሰልጣኞች ግን አልተቀበሉትም። «ይኼ ደግሞ ምን ያውቃል» የሚለው ንግግር እስከ ዛሬ ድረስ ከዚህ ሙያ አልተላቀቀም። ዓለም አቀፉ የስፖርት ሳይኮሎጂ ማኅበር የተመሠረተው በ1965 ሮም ላይ ነው። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ደግሞ በ1986 ለዘርፉ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጠው።

ወደ ስፖርት ሳይኮሎጂስት የሚሄደው የታመመ ወይም ደካማ ሰው ነው?

ይህ ጥያቄ ያናድደኛል፤ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። ሯጭ የአሯሯጥ ስልቱን ለማስተካከል አሰልጣኝ ጋ ሲሄድ እግሩ ታሟል አንልም። ትኩረትን መሰብሰብ፣ ከስህተት በኋላ ቶሎ መመለስ፣ ትንፋሽን መግዛት እንደዚያው ናቸው። ይማሯቸዋል፣ ይለማመዷቸዋል፣ ከተተዉ ይዝጋሉ።

ሌላም ወገን አለ። አትሌትም ሰው ነው፤ የመንፈስ ጭንቀት፣ የአመጋገብ መታወክ፣ ሱስ ይይዘዋል። ያኔ የሚያስፈልገው የክንውን ምክር ሳይሆን ሕክምና ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2019 በታላላቅ አትሌቶች የአእምሮ ጤና ላይ የባለሙያዎች የጋራ መግለጫ አውጥቷል። ጥሩ ባለሙያ ሁለቱን ይለያል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆንም ወደ ሐኪም ይመራል።

ልምምድ ላይ ማንም አይችለኝም። ውድድር ሲመጣ እጅ እግሬ ይተሳሰራል። ምን ሆኜ ነው?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ኳስ መግፋት የጀመራችሁበትን ጊዜ አስታውሱ። እያንዳንዱን ንክኪ ታስቡ ነበር። በየትኛው የእግር ክፍል? በምን ያህል ጉልበት? ከዓመታት በኋላ ያ ሁሉ ሐሳብ ጠፋ። እግር ራሱ ያውቃል። ጥሩ ተጫዋች ዓይኑን ቀና አድርጎ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ጫና ሲመጣ ምን ይሆናል? ነገሩ ትልቅ ነውና መጠንቀቅ እንፈልጋለን። ጥንቃቄው ደግሞ ወደ ውስጥ ያስመለክተናል። ለእግር የተተወውን ሥራ ጭንቅላት ይነጥቀዋል። እግር በአንድ ጊዜ የሚሠራውን ነገር ጭንቅላት ቆራርጦ አንድ በአንድ ሊያዝ ይሞክራል። እንቅስቃሴው ይቆራረጣል፣ ይደርቃል። ደረጃ ስትወርዱ «ቀኝ እግሬን አሁን፣ ግራውን አሁን» ብላችሁ ሞክሩት። ቀስ ብላችሁ ግን፤ አደራ።

በ2002 የተመራማሪዋ ሲያን ባይሎክ ቡድን ይህንን በእግር ኳስ አሳይቷል። ልምድ ያላቸውንና ጀማሪ ተጫዋቾችን በምልክቶች መካከል ኳስ እየገፉ እንዲያልፉ አደረጉ። በአንዱ ሙከራ ኳሱን የነካው የእግራቸው ክፍል የትኛው እንደሆነ እንዲከታተሉ አዘዟቸው። ጀማሪዎቹ ተጠቀሙ። ልምድ ያላቸው በጠንካራ እግራቸው ሲጫወቱ ዘገዩ። የሚገርመው እነዚሁ ሰዎች በደካማ እግራቸው ሲሞክሩ ትኩረቱ ጠቀማቸው። በዚያ እግር ገና ጀማሪ ናቸዋ!

እንግዲህ «ትኩረት አድርግ!» የሚለው የአሰልጣኝ ጩኸት ሁልጊዜ አይረዳም። በምን ላይ?

እሺ፣ ታዲያ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ፣ ዓይናችሁን ከሰውነታችሁ አውጡ። ጋብሪየሌ ቩልፍ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምራ ባደረገቻቸው ጥናቶች ሰው በእጁና በእግሩ ላይ ከማተኮር ይልቅ እንቅስቃሴው በሚያመጣው ውጤት ላይ ሲያተኩር የተሻለ እንደሚሠራ አሳይታለች። «ክንዴን ልዘርጋ» ሳይሆን «ኳሷ ቀለበቷ ውስጥ ትግባ»። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሰውነት ግን ይሰማዋል።

ሁለተኛ፣ ልምምዱን አክብዱት። ብቻችሁን፣ ተዝናንታችሁ፣ 50 ጊዜ መምታት ውድድር አይደለም። የሚያይ ሰው ጋብዙ። የሚሸነፈው ዕቃ እንዲሰበስብ ተወራረዱ። የድካም ሰዓት ምረጡ። ውድድሩን ልምምድ ላይ ማምጣት ባይቻልም ጣዕሙን ማምጣት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ያለችውን ጊዜ በአንድ ቋሚ ነገር ሙሏት። ኳሱን ሁለቴ ማንጠር፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ ኢላማውን ማየት፣ መምታት። ሁልጊዜ ያው። አንዳንዱ ይህን እንደ ጥንቆላ ያየዋል። ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ጭንቅላት በዚያች ባዶ ጊዜ የሚቅበዘበዝበትን ቦታ ይዘጋል። የዓይንም ነገር አለ። ጆአን ቪከርስ ባጠናቻቸው ብዙ ስፖርቶች ጎበዞቹ ከመምታታቸው በፊት የሚያዩት ቦታ ላይ ዓይናቸው ረዘም ላለ ጊዜ ረግቶ ይቆያል። ደካሞቹ ዓይናቸው ይባዝናል።

ፍርሃቴን ጨርሶ እንዴት ላጥፋው?

አታጥፉት። በሙያው የቆዩ ሰዎች ቀድመው የሚሉት ይህንን ነው።

የልብ መምታት፣ የእጅ ላብ፣ የሆድ መላወስ ሰውነት ለሥራ ሲነሳ የሚያሳየው ምልክት ነው። ፍርሃትና ጉጉት በሰውነት ላይ መንታ ናቸው፤ የሚለያቸው የምንሰጣቸው ስም ነው። አሊሰን ዉድ ብሩክስ በ2014 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ከመዝፈናቸው ወይም ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ብለው ለራሳቸው ሲናገሩ «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ሠርተዋል። እየዘለለ ያለን ልብ «ተኛ» ማለት ከባድ ነው። «እሺ፣ ለዚህ ነው የምትዘለው» ማለት ይቀላል።

ልኩ ግን ሰው በሰው ይለያያል። ዩሪ ሃኒን ብዙ አትሌቶችን ተከታትሎ ለሁሉም የሚሆን አንድ ትክክለኛ የመነቃቃት መጠን እንደሌለ አስረድቷል። አንዱ በዝምታ፣ ሌላው እየዘለለና እየጮኸ ይዘጋጃል። ስለዚህ መላውን ቡድን በአንድ ጩኸት ማነሳሳት ግማሹን ሊጠቅም፣ ግማሹን ሊያበላሽ ይችላል። የራሳችሁን ለማወቅ ሦስት ጥሩና ሦስት መጥፎ ውድድሮቻችሁን አስታውሱ። ከመጀመሩ 10 ደቂቃ በፊት ምን ይሰማችሁ ነበር? ጻፉት።

ፍጹም ቅጣት ምት ዕድል ነው ይባላል። እውነት ነው?

ዕድል አለበት፤ ዕድል ብቻ ግን አይደለም። ኖርዌያዊው ጌይር ዮርዴት የታላላቅ ውድድሮችን የመለያ ምቶች በቪዲዮ ሲያጠና ኖሯል። ካገባ ቡድኑ ወዲያው የሚያሸንፍበት ተጫዋች ከ100 ከ90 በላይ ጊዜ ያገባል። ከሳተ ቡድኑ ወዲያው የሚወድቅበት ግን ወደ 60 ገደማ ይወርዳል። ኳሱ ያው፣ ርቀቱ ያው 11 ሜትር፣ ጎሉ ያው። የተለወጠው የተጫዋቹ ሐሳብ ያረፈበት ቦታ ነው። ዳኛው ካፏጨ በኋላ ተጣድፈው የሚመቱትም አብዝተው ይስታሉ። «ቶሎ ልገላገል» የሚለው ስሜት ከሩቅ ይታወቃል።

በረኛውም ነፃ አይደለም። የሚካኤል ባር-ኤሊ ቡድን በ2007 ባወጣው ጥናት 286 ፍጹም ቅጣት ምቶችን ተመልክቷል። በረኞቹ ከ100 94 ጊዜ ያህል ወደ አንዱ ጎን ዘለሉ። መሃል ላይ ቢቆሙ ግን የማዳን ዕድላቸው የተሻለ ነበር። ለምን አይቆሙም? ቆመህ ጎል ሲገባብህ ሞኝ ትመስላለህ። ዘለህ ሲገባብህ «ሞከረ» ይሉሃል።

በዓይነ ኅሊና መለማመድ ይሠራል ወይስ ተረት ነው?

ይሠራል፤ ግን ልምምድን አይተካም። ፌልትዝና ላንደርስ በ1983 ወደ 60 የሚጠጉ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ በሐሳብ መለማመድ ምንም ካለማድረግ እንደሚሻል አግኝተዋል። በጉዳት ለተኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ዋንጫ ሲያነሱ፣ ሕዝብ ሲያጨበጭብላቸው ያስባሉ። ደስ ይላል፤ ልምምድ ግን አይደለም። የሚጠቅመው ሥራውን ማሰብ ነው። የጫማው መጥበቅ፣ የሜዳው ሽታ፣ የእንቅስቃሴው ትክክለኛ ፍጥነት። ከተቻለ ቆማችሁ፣ ዕቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ። ነገር ሲበላሽም አስቡት፤ መነሻ ላይ ስትደናቀፉ ምን ታደርጋላችሁ?

ከራሴ ጋር ማውራት እብደት አይደለም?

ሁሉም ያወራል። ልዩነቱ ምን እንደሚል ላይ ነው። ሃትዚጊዮርጊያዲስና ባልደረቦቹ በ2011 የ32 ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው ታስቦበት የተመረጠ ንግግር ክንውንን እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ቃሉ አጭር ይሁን፤ «ለስለስ»፣ «ቀና»፣ «ግፋ»። ደግሞም ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይንገራችሁ። «እንዳትስት» ብላችሁ ለራሳችሁ ስትነግሩ ጭንቅላታችሁ መጀመሪያ የሚያየው ስህተቱን ነው።

«ካመንክ ትችላለህ» የሚባለውስ?

ግማሽ እውነት ነው። አልበርት ባንዱራ በ1977 እንዳስረዳው «ይህን ሥራ እችለዋለሁ» የሚል እምነት ጥረትንም ጽናትንም ይጨምራል። ይህ እምነት ግን ከሁሉ በላይ የሚገነባው ከዚህ ቀደም ሠርቶ በማየት ነው። ከመፈክር አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ሮጀር ባኒስተር የሚወራው ታሪክ ይነሳል። በግንቦት 1954 አንድ ማይልን በ3:59.4 ሮጦ ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። «ከዚያ ወዲያ የአእምሮ ግድግዳው ፈረሰና ሁሉም መሮጥ ጀመረ» ይላሉ አነቃቂ ተናጋሪዎች። ጆን ላንዲ ከ46 ቀናት በኋላ ክብረ ወሰኑን መስበሩ እውነት ነው። ላንዲ ግን ከዚያ በፊትም ሰዓቱን እየተጠጋ ነበር። ባኒስተርም ያን ቀን ፍጥነት የሚጠብቁለት ሁለት ጓደኞች ነበሩት። እምነት ነበረ፤ እግርም ነበረ፤ ዕቅድም ነበረ።

ድካም ያለው እግር ላይ ነው ወይስ ጭንቅላት ላይ?

ሁለቱም ላይ። ሳሙኤሌ ማርኮራና ባልደረቦቹ በ2009 ሰዎችን 90 ደቂቃ ኮምፒውተር ላይ አድካሚ የአእምሮ ሥራ አሠሯቸው። ከዚያ እስኪያቅታቸው ብስክሌት አስነዷቸው። ዘና ካሉበት ቀን ይልቅ ቀድመው አቆሙ። ልባቸውና ጡንቻቸው ላይ ይህን የሚያብራራ ልዩነት አልታየም። ሥራው ግን ከብዶ ተሰማቸው። ቀኑን ሙሉ ስልክና ወረቀት ላይ አፍጥጣችሁ ማታ ስትሮጡ እግራችሁ የከበደው በስንፍና ላይሆን ይችላል።

አካል ብቃት መሥራት በእውነት ለመንፈስ ይጠቅማል?

አዎ፣ ማስረጃውም ጠንካራ ነው። በ1999 የጄምስ ብሉመንታል ቡድን ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያለባቸውን ዕድሜያቸው የገፋ 156 ሰዎች ለ16 ሳምንታት ተከታተለ። አንዳንዶቹ እንቅስቃሴ፣ አንዳንዶቹ መድኃኒት፣ አንዳንዶቹ ሁለቱንም ወሰዱ። መጨረሻ ላይ የሦስቱም መሻሻል ተቀራራቢ ነበር። መድኃኒቱ ቀድሞ ሠራ፤ እንቅስቃሴው ደረሰበት። ይህ ማለት የታዘዘላችሁን መድኃኒት ጣሉ ማለት አይደለም። ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ምንም አታቋርጡ።

መጠኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከዚያ ያነሰውም ከዜሮ ይሻላል።

እጀምራለሁ፣ በሦስተኛው ሳምንት አቋርጣለሁ። ወኔ የለኝም ማለት ነው?

ወኔ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ዝናብ ሲጥል ያልቃል። ልማድ ለመሆን 21 ቀን ይበቃል የሚባለውን እርሱት። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2010 ባሳተሙት ጥናት አንድ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን አማካዩ 66 ቀን ነበር። ለአንዳንዱ 18፣ ለአንዳንዱ 254። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ሁሉን አላፈረሰም። በሦስተኛው ሳምንት የከበዳችሁ ገና ስለሆነ ነው።

ከቀኑ ቁጥር ይልቅ የምክንያቱ ዓይነት ይበልጣል። የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎቹ ዴሲና ራያን ሰው በራሱ ምርጫ፣ እየቻለ እንደሆነ እየተሰማውና ከሰው ጋር ሆኖ የሚሠራውን ነገር ይቀጥልበታል ይላሉ። ሩጫ ከጠላችሁ ለምን ትሮጣላችሁ? ዋኙ፣ ጨፍሩ፣ ከጓደኛ ጋር በእግር ሂዱ። ቀጠሮ ያለበት ሰው ይነሳል፤ ጓደኛን በብርድ ማቆም ነውር ነዋ።

ልጄ ተሸንፎ ሲመጣ ምን ልበለው?

መኪና ውስጥ ትንታኔ አትጀምሩ። ልጁ ስህተቱን ያውቀዋል። «ርቦሃል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እሱ ካነሳው ስሙት። ባለሙያዎች ከሚመክሩት ሁሉ ለወላጅ ከባዱ ይህ ይመስለኛል፤ ዝም ማለት። ልጆች ስፖርት የሚያቆሙበት አንዱ ዋና ምክንያት ደስታው መጥፋቱ ነው።

አሜሪካዊቷ ጂምናስት ሲሞን ባይልስ ኦሊምፒክ ላይ ለምን አቋረጠች? ጫናውን መቋቋም አቅቷት ነው?

በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ባይልስ በአየር ላይ እየተገለበጠች የት እንዳለች የማወቅ ስሜቷ ጠፋባት። ጂምናስቶች በደንብ የሚያውቁትና የሚፈሩት ነገር ነው። ዓይንን ሸፍኖ ከጣሪያ እንደመዝለል ቁጠሩት፤ በአንገት መውደቅ አለ። ያን ጊዜ ማቆም ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። በ2024 ፓሪስ ላይ ተመልሳ ሦስት ወርቅ ወሰደች። ባትመለስም ውሳኔው ትክክል ነበር።

ሙዚቀኛ ነኝ። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ መድኃኒት ብወስድስ?

የልብ ምትን የሚቀንሱ መድኃኒቶችን አንዳንድ ሙዚቀኞች ይወስዳሉ። በሐኪም ትእዛዝ ካልሆነ በተለይ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ናቸው። በተኩስና በቀስት ስፖርት ደግሞ የተከለከሉ ናቸው። በ2008 ቤይጂንግ ላይ ሰሜን ኮሪያዊው ተኳሽ ኪም ጆንግ ሱ በዚሁ ምክንያት ሁለት ሜዳሊያዎቹን ተነጥቋል። ከላይ ያሉት የትንፋሽ፣ የቋሚ ቅደም ተከተልና የቃል ዘዴዎች ለእናንተም ይሠራሉ።

ጥሩ ባለሙያ እንዴት እመርጣለሁ?

የት እንደተማረ፣ ፈቃዱን ማን እንደሰጠው፣ ከማን ጋር እንደሠራ ጠይቁ። የማይቀየመው ጥሩ ምልክት ነው። «በአንድ ቀን እቀይርሃለሁ» ካለ ውጡ። የተናገራችሁትን ለአሰልጣኛችሁ ይነግር እንደሆነ ገና ሳትጀምሩ ይታወቅ፤ በተለይ ደመወዙን የሚከፍለው ቡድኑ ከሆነ።

ጊዜውንም ምረጡ። ብዙ ሰው የሚመጣው ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያኔ ባለሙያው ከትንፋሽና ከማጽናናት በላይ ብዙ ሊሰጥ አይችልም። ወቅቱ አልቆ ቀጣዩ እስኪጀምር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ልምምዱ ሲቀል፣ መሳሳት ዋጋ በማያስከፍልበት ሰዓት።